የዛምቤታ ግማሽ ሳህን

ተሰሎንቄ ውስጥ ኪሱ የሳሳ ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ ጠቋሚ አያስፈልገውም። ከገበያው ኋላ፣ ሥጋ ቤቶቹ አልቀው የወይራ ነጋዴዎቹ በሚጀምሩበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ምግብ ቤት አለ። ሰው «ዛምቤታ ጋ» ይለዋል፤ በቃ። ስምንት ጠረጴዛ፣ አሥራ አንድ ድስት፣ አንዲት አብሳይ። ዛምቤታ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አርባ አንዱን ያሳለፈችው እዚያው ምድጃ ፊት ቆማ ነው።

የምግብ ዝርዝር የሚባል ነገር የላትም። የሚበላ ሰው ኮፍያውን አውልቆ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ይገባል፤ ክዳን ያነሳል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያሸታል፣ ይከድናል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዳኛም ቢመጣ ተሸካሚም ቢመጣ ወረፋው አንድ ነው። የቤቱ ሕግ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ ክዳን ያነሳ ሰው ይመርጣል እንጂ አቃቂር አያወጣም። «ሩዙ በዛ፣ ዘይቱ አነሰ» የሚል ደፋር ከተገኘ የዛምቤታ የሟች ወንድሟ ሚስት ሱልታና፣ ምግብ አመላላሿ፣ ምላሷ ከቢላዋ የሰላ ሴት፣ «እንግዲያው ቤትህ ሄደህ አብስላ!» ብላ ታሳፍረዋለች።

ሁለተኛውን ሕግ አፍ አውጥቶ የተናገረው ሰው የለም። እዚያ ቤት «ግማሽ» ያለ ሰው የሚቀርብለት ግማሽ አይደለም። ጡረተኛው፣ ተሸካሚው፣ ተማሪው፣ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ ያለቀበት ሁሉ «ግማሽ» ይላል፤ የግማሹን ሒሳብ ይከፍላል፤ ዛምቤታ ደግሞ ጭልፋዋን አጥልቃ ሳህኑን እስከ አፉ ትሞላለች። እሷ «ጨመርኩልህ» አትልም፤ እሱም «በዛብኝ» አይልም። ምስጋና እንኳ የለም። ምስጋና ከተጀመረማ ምጽዋት ሆነ ማለት አይደል! ሰው ምሳውን በልቶ ቀና ብሎ ይወጣል፤ በማግስቱም ቀና ብሎ ይገባል።

ባለፈው ጥር፣ በጥምቀት ማግስት፣ ዛምቤታን ትኩሳት ጣላት። ዐሥር ቀን ተኝታ ተነሳች። ጉልበቷ ተመለሰ፤ አፍንጫዋ ግን አልተመለሰም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሽንኩርት ዘይት ላይ ጣለች፤ ሲንጫጫ ሰማች፣ ሲቀላ አየች፣ ሽታው ግን የለም። በማንኪያ ቀመሰች፤ ትኩስ ውሃ ነው። ነገ ይመለስ ይሆናል አለች። በነገውም፣ በሳምንቱም አልተመለሰም።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አብሳይ አፍንጫዬ ጠፋ ካለች ማን ድስቷን ያምናል? ልጅ አልወለደችም፤ ባሏን ከቀበረች ዓመታት አልፈዋል፤ ከእነዚያ አሥራ አንድ ድስቶች ሌላ በጠዋት የሚቀሰቅሳት ነገር የላትም። ቤቱ ተዘጋ ማለት እሷም ተዘጋች ማለት ነው። ስለዚህ በእጇ ልማድ ማብሰሏን ቀጠለች። ጨው የጨመረች አልመስላት ሲል ደግማ ትጨምራለች። ከዚያ ወጥ ቤቱን በሚከልለው መጋረጃ ቀዳዳ ሳህኖቹን ታያለች፤ ሁሉም በዳቦ ተጠርገው፣ ጸድተው ይመለሳሉ። «ሳህን አይዋሽም፤ እጄ ያውቃል ማለት ነው» ብላ ትጽናናለች።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ወራት የዛምቤታ ምድጃ ሁለት ረድፍ ነው፤ በቀኝ የጾሙ፣ በግራ የፍስኩ። በመጀመሪያው ዓርብ ረፋድ ላይ የቀኙ ቦሎቄ ውሃው ሲያጥርበት፣ በጭልፋ ውሃ ጨመረችበትና ከደነችው። የምግቡ ሰዓት ደርሶ መጀመሪያ የገባው ሜነላዎስ ነበር።

ሜነላዎስ ሁለቱም ዓይኖቹ አያዩም። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ስልከኛ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ «ሃሎ» ሲሉት ብቻ የደዋዩን የትዳር ሁኔታ ያውቃል እየተባለ የሚወራበት ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ግማሽ ሳህን በልቷል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሱልታና በየድስቱ ያለውን ልትነግረው ስትል፣ «ተይ እንጂ፣ እኔም እንደሰው ልይበት» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ ማንኛውም ሰው ክዳን ያነሳል፣ ያጎነብሳል፣ ይከድናል።

የዚያን ቀን የቦሎቄውን ክዳን አነሳና አልከደነም።

«ዛምቤታ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

«ዓርብ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ቦሎቄሽ ከመቼ ወዲህ ነው ከጥጃ ጋር የተወዳጀው?»

ዛምቤታ ዞር አለች። ጭልፋዋ በግራ በኩል፣ ስቡን ገፍፋ ጥርት ባደረገችው የጥጃ መረቅ ውስጥ ቆሟል። ውሃ ብላ የጨመረችው እሱን ነው! ከመጋረጃው ወዲያ፣ ዕድሜ ልካቸውን ዐቢይ ጾምን አንድ ቀን ያልገደፉ አሮጊቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

«ወይኔ ጉዴ! ላስገድፋቸው ነበር!»

«አላስገደፍሽም። ድስቱን ወደ ግራ አዙሪው።»

በጨርቅ ይዛ አዞረችው። ሱልታና በመጋረጃው ብቅ ብላ፣ «የጾም ቦሎቄ የታለ?» ብትል፣ «የለም! ዛሬ ሽምብራ ይብሉ!» ብላ ጮኸችባት። ሱልታና ነገር እንዳለ ገብቷት አንገቷን መለሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሜነላዎስ።

«ከጥምቀት።»

አንገቱን ነቀነቀ። አዘንኩ አላለም፤ ሐኪም አየሽ ወይ ብሎም አልጠየቀም።

«ጋሼ፣ በሞቴ ለማንም እንዳትናገር።»

«ሃያ ስድስት ዓመት የበላሁበትን ወጪት ልስበር እንዴ? ነገ አምስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ክዳኖቹን አትክፈቻቸው፤ እኔ እከፍታቸዋለሁ።»

በማግስቱ መጣ። ዱላውን ጥግ አስደግፎ ከቀኝ ጀመረ። ዛምቤታ አርባ አንድ ዓመት ያበሰለች ሴት ናት፤ ስለ ድስት የማላውቀው ነገር አለ ብላ አስባ አታውቅም። የሽምብራውን ክዳን ገና ሳያነሳ ጆሮውን አስጠጋና፣ «ይሄ ገና ነው፤ ሲፈላ ድምፁ ይጠጥራል፤ ሲበስል ይለሰልሳል» አለ። የስፒናቹን ክዳን አንስቶ፣ «ሁለት ጊዜ ነው የታጠበው። አፈር አለው» አለ። እውነትም ዛምቤታ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያጠበችው፤ ውሃው ቀዝቅዞባት ሦስተኛውን ትታዋለች። ከባምያው ላይ ቀና ብሎ፣ «ሽንኩርቱ በአንድ ጎን ብቻ ቀልቷል፤ ምድጃሽ ወደ ግድግዳው ሳይዘምም አልቀረም» አለ። ከሰዓት በኋላ ምድጃ ጠጋኝ ጠርታ ስታስለካው፣ ምድጃው እውነትም ወደ ግድግዳው ዘምሟል።

ዛምቤታ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። እሷ ዓይንም አፍንጫም ኖሯት ግማሹን እንኳ አስተውላ አታውቅም። ይሄ ሰው ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ሲያጎነብስ፣ እሷ የማታውቃቸውን የራሷን ድስቶች ሲያነብ ኖሯል! ሰው እንዲህ ተደርጎ መፈጠሩ አስፈራትም፣ ደስም አላት። «ጨው?» ስትለው፣ «ቆንጠር አድርጊ» ይላል፤ «ሎሚ?» ስትለው «ግማሹን፤ የእኔን ግማሽ እንጂ ያንቺን ግማሽ አይደለም» ይላል። ስለ ግማሹ ሲነሳ የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ወሬ ቀየረ።

እንዲህ ሆኖ ጾሙ ገሰገሰ። ሜነላዎስ በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ይገባል። ሱልታናም አልቻለችም፤ «ድስት ግጣሙን አያጣም አሉ! ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ሰዓት ሙሉ የምትንሾካሾኩት ምንድን ነው?» ትላለች። ዛምቤታ ትስቃለች፤ ሲመሽ ግን ታስባለች። ይሄ ሽማግሌ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ቢቀርስ? አንድ ጠዋት እንዲህ አለችው፤ «አንተ የቀረህ ዕለት ቁልፉን አዙሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሰው በማላውቀው ምግብ አልቀልድም።» እሱም «እንግዲያው አልቀርም» አለ።

የስቅለት ዕለት ዛምቤታ አሥሩን ድስት ደፍታ አንዱን ብቻ ትጥዳለች። ምስር ነው፤ ዘይት አይነካውም፤ ጌታ በመስቀል ላይ የቀመሰው ኮምጣጤ ይጨመርበታል። የዚያን ቀን ቤተሰብ ያለው ሰው እቤቱ ይበላል። ዛምቤታ ጋ የሚመጣው ምስር የሚቀቅልለት የሌለው ነው።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ሜነላዎስ የለም። ስድስት ሆነ፤ የለም። የኀዘኑ ደወል ከየቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል። ዛምቤታ የኮምጣጤውን ጠርሙስ በአንድ እጇ፣ የበሩን ቁልፍ በሌላው እጇ ይዛ ድስቱ ፊት ቆማለች። የተናገረችውን ታውቃለች፤ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ግን ደግሞ እነዚያን ሰዎች በስቅለት ቀን ጾማቸውን ልትሰዳቸው ነው? ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተች፤ መልሳ አወጣችው።

ሳትወስን በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ቫጌሊስ ነው፤ በገበያው ውስጥ ጆንያ የሚሸከም፣ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ፣ ከ«ግማሽ» በቀር ቃል የማይወጣው ሰው። ኋላው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሻጯ ካልዮፒ አለች፤ ከእሷ ኋላ ሌሎችም። ድስቱ አንድ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ልማድ ነውና ግን ሁሉም ተሰልፎ ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ ከአሥራ አንዱ እንደሚመርጥ ሰው ተጠንቅቆ።

ቫጌሊስ ክዳኑን አነሳ፣ አጎነበሰ፣ አሸተተ።

«እትዬ ዛምቤታ፣ ኮምጣጤውን ወዲህ በይው።»

ጠርሙሱን ከእጇ ወስዶ ጠብ አደረገ፣ በጭልፋ አማሰለ፣ መልሶ አሸተተ፣ አሁንም ትንሽ ጨመረ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ በድስቷ ላይ የሌላ ሰው እጅ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው። ሱልታና እንኳ ምንም አላለችም።

«ማን ነገረህ?» አለች ዛምቤታ።

«ምኑን?»

«አፍንጫዬን ነዋ! ሜነላዎስ ነው?»

«እሱማ አፉን በመርፌ የሰፋ ሰው ነው። እትዬ፣ ከጥምቀት እስከ ጾም መግቢያ ባሕር ስንጠጣ ከርመናል። ለዚህ ነጋሪ ያስፈልጋል?»

ካልዮፒ ሳቋ አመለጣት። «እኔማ ከምሳ በኋላ ሱቅ ውስጥ ውሃ ብቻ ነበር የምጠጣው፣ እማማ። አለቃዬ ስኳር በሽታ ያዘሽ ወይ ብሎኛል።»

ዛምቤታ የጠረጉትን ሳህን ሁሉ አስታወሰች። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ስምንት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው።

«ታዲያ ዝም ብላችሁ በላችሁ? በዳቦ ጠርጋችሁ? ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ...»

ቫጌሊስ ጠርሙሱን ለካልዮፒ አቀበለና ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«እትዬ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ግማሽ ስልሽ ሙሉ ስትሰጪኝ፣ አንድ ቀን ተናግሬ አውቃለሁ?»

ዛምቤታ የሽንኩርቱ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ሳህን አይዋሽም ብላ ነበር፤ ሳህኖቹ ግን ተስማምተው፣ አንድ ሆነው፣ ስለ እሷ ሲሉ ሲዋሹ ከርመዋል። እሷ ስትደብቃቸው እነሱ ሲደብቋት! ብዙ ዓመት ያበላቻቸውን እነዚህን ሰዎች ገና ዛሬ ያየቻቸው መሰላት፤ ሳህን ሙሉ ጨው የቀረበላቸው ጊዜ አንገታቸውን አቀርቅረው የበሉትን። ልቧ ሞላ፤ እንባዋን በመደረቢያዋ ጠረገች። ካልዮፒ ኮምጣጤ ጠብ አደረገች። ከኋላዋ ያለውም ጡረተኛ ጨመረ። ወረፋ የደረሰው ሁሉ ክዳን አንስቶ፣ አሽትቶ፣ በቁም ነገር ጨመረ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የዱላ ድምፅ ተሰማ። ሜነላዎስ እያለከለከ ገባ፤ ልብሱ አበባ አበባ ይሸታል ብላ ሱልታና ነገረቻት።

«እህቴ በአበባ የተሸለመውን የጌታን መቃብር አንቄ ካላሳለምኩህ ብላ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄዳ፤ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ነበር። ዛምቤታ፣ ቁልፉን አዞርሽ እንዴ?»

«ግባና እይ» አለችው።

ክዳኑን አነሳ። አጎነበሰ። ፊቱን ወዲያው መለሰ።

«ስንት ሰው ነው ኮምጣጤ የጨመረበት?»

«ሁሉም።»

«ይታወቃል። ጥርስ ያረግፋል።»

ከመጋረጃው ወዲያ ማንኪያ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ሜነላዎስ ክዳኑን መለሰ፤ ዱላውን ጥግ አስደገፈ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዳደረገው ሁሉ ኮፍያውን አወለቀ።

«ግማሽ» አለ።

ዛምቤታ ጭልፋዋን አጠለቀችና ሳህኑን እስከ አፉ ሞላችለት። እሱም ምንም አላለም።