ጋሽ ሦስት እጅ የልጁን መኪና ፍሬን ሲቀባ

ጋሽ ሦስት እጅን ሲሮጥ ያየ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዝናብ ሲያባርረው እንኳ እርምጃውን አይቀይርም። «ቀለም ሲቸኩሉበት ይፈሳል፣ ሰውም እንደዚያው ነው» ይላል። ያን እሑድ ከሰዓት ግን በአንዱ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ምንም ሳያደርግ ቁልቁለቱን ሲበር ጎረቤቱ ሁሉ እጁን በአፉ ጭኖ አየው። ምን እንዳስሮጠው ልንገራችሁ፤ ባሰብኩት ቁጥር እኔንም ይዘገንነኛል።

ሥራው የብረት በርና መስኮት መቀባት ነው። አርባ ዓመት ይህንኑ ሠርቷል። ሌላው ቀቢ ሁለት እጅ ቀብቶ መሰላሉን ሲሸከም እሱ ሦስተኛውን እጅ ካልደገመ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ደግሞም ሥራው ሥራ ነው፣ እሱ የቀባው በር ላይ ጢምህን መላጨት ትችላለህ። ችግሩ ሌላ ነው። ሥራውን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። አንዲት ደንበኛ «ይቺ ጥግ ትንሽ የሳሳች አይመስልህም?» ብትለው ብሩሹን አጥቦ፣ መሰላሉን አንስቶ፣ ሥራውን ከመካከል ትቶላት ሄዷል። በሩ እስከ ዛሬ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ዝገት ነው።

ቤቱም ውስጥ ያው ነው። መደርደሪያ ሲሰቅል ቢያጣምም ባለቤቱ አይታ እንዳላየ ታልፋለች፤ ብርጭቆዎቹን ወደማይንሸራተቱበት ጥግ ሰብሰብ አድርጋ ትደረድራለች። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ልጃቸውንም ያሳደገቻት በዚሁ ነው።

ልጅቷ የጥርስ ሐኪም ናት። አንድ እሷን ነው የወለዱት። የዛሬ ሁለት ዓመት ያገለገለች ስፖርት መኪና ገዝታ ግቢያቸው ስትገባ አባቷ ክው ብሎ ቀረ። ቢጫ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው። ዞራትና «ይቺ መኪና ናት ወይስ ጫማ?» አለ። ልጅቷ ሳቀች፣ እሱ ግን አልሳቀም። የራሷን ጣሪያ ማግኘት ስትችል ጫማ ገዛች ብሎ አኮረፋት። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ! አባትና ልጅ!

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ ሽንኩርት እየላጠች፣ ነገሩን እንደ ቀልድ ጣል አደረገችው። «ልጅህ የመኪናዋን ፍሬን ቀይ ልታስቀባ ነው። ጋራዥ ቀጠሮ ይዛለች።»

ሰውዬው ጆሮውን ማመን አቃተው።

«እኔ ሞቻለሁ?» አለ። «የቀቢ ልጅ ሌላ ቀቢ ፍለጋ ትሄዳለች? እኔ በቁሜ እያለሁ?»

ስልኩን አንስቶ ራሱ ደወለላት። «ቅዳሜ ይዘሻት ነይ» አላት። ልጅቷ «እሺ አባዬ» አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበር። እሱም ሰምቶታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

የሚቀባው ነገር ካሊፐር ይባላል። ጎማ ሲወልቅ የሚታየው፣ ክቡን የብረት ዲስክ ከሁለት ወገን የጨበጠው ነው። ፍሬን ሲረገጥ በካሊፐሩ ውስጥ ያሉት ሸራዎች ዲስኩን ጭምቅ አድርገው ይይዙታል፤ መኪናዋ የምትቆመው በዚያ ነው። የስፖርት መኪና ወዳጆች ይህን ብረት ቀይ ይቀቡታል፣ በቸርኬው ክፍተት ሲታይ ያምራል። ልጅቷ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን፣ ሙቀት የሚችል ቀይ ቀለምና አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ዲስኩን በወረቀትና በፕላስተር እንሸፍነውና…» ብላ ጀመረች።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። የቀረውን ዋጠችው።

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች፤ ነገ ከሰዓት ልትወስዳት ተቀጣጥራ በታክሲ ሄደች።

ሰውዬው መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ ከሥሯ ግንድ ደገፈ፣ አራቱንም ጎማዎች አወለቀ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ በቲነር ወለወለው። እስከዚህ ድረስ የትኛውም ጋራዥ ምን አጠፋ አይለውም። ከዚያ ዲስኩ ጋ ደረሰ።

የብረት በር ቀቢ የራሱ ደንብ አለው። በሩን ከመቀባቱ በፊት ቁልፉንና ማጠፊያውን ግራሶ፣ ማለትም የማሽን ወፍራም ቅባት ይለቀልቃቸዋል። ቀለም ግራሶ ላይ አይዝም፤ ሥራው ሲያልቅ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው፣ ብረቱ እንደነበረ ይወጣል። ወረቀት ግን በጠርዙ ቀለም ያስገባል፣ ሲነሳም ሙጫ ይተዋል። በዚህ ደንብ አርባ ዓመት ሲሠራ አንድም ቁልፍ አልተበላሸበትም። ስለዚህ የልጅቷን ፕላስተር ወደ ጎን ወረወረና አራቱንም ዲስኮች፣ በፊትም በጀርባም፣ እጁ እስከደረሰ ድረስ ግራሶ ለቀለቃቸው። ባለቤቱ ልብስ ልታሰጣ ብቅ ብላ ፕላስተሩ ሳይፈታ መሬት ላይ ወድቆ አየች። እሱንም አየችው። ከዚያ ልብሷን አስጥታ ገባች።

ቅዳሜ ሁለት እጅ ቀባ፣ እሑድ ጠዋት ሦስተኛውን ደገመ። ቀለሙ ሲደርቅ ዲስኮቹን በደረቅ ጨርቅ ጠረጋቸው፣ አብረቀረቁ። በጀርባ በኩልና ካሊፐሩ ሥር ጨርቅ የማይገባበት ቦታ ነበር፤ እሱ አላሳሰበውም። ቁልፍ ትንሽ ግራሶ ቢተርፈው ይወዳል እንጂ አይጠላም።

ልጅቷ በዘጠኝ ሰዓት መጣች። ጎማዎቹ ተገጥመው፣ ቀዩ ብረት በቸርኬው መሃል እየታየ ነበር። ቁጭ ብላ አንዱን አየች፣ ሌላውንም አየች።

«አባዬ! ይሄ እኮ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው!» ብላ አንገቱን አቅፋ ሳመችው።

ሁለት ዓመት ያልተሳመ ጉንጩ ጋለ። ለራሱም እስኪገርመው ድረስ ሳቀ፣ የግቢውን በርም ራሱ ሄዶ ከፈተላት። መኪናዋ በሩ ጋ ስትደርስ የኋላ መብራቷ ቦግ አለ፤ ትንሽ ተንሸራታ ቆመች። ልጅቷ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ወደ አባቷ አየች። እሱም ቀለም የደረቀበትን እጁን አነሳላት። እሷም አነሳችለትና ወጣች።

ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው መካኒክ ይህን ሁሉ ከደጁ ሆኖ ሲያይ ነበር። ባለፈው ወር የዚያችን መኪና የፍሬን ሸራ የቀየረው እሱ ነው። እየሳቀ መጣ።

«ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ! ግን ዲስኩን በምን ሸፈንከው? እኔ በወረቀት ስሞክር ሁሌ ቀለም ይገባብኛል።»

«ወረቀት የጀማሪ ነው» አለ ጋሽ ሦስት እጅ ደረቱን ነፍቶ። «ግራሶ ለቀለቅኩት።»

መካኒኩ ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። የሰውዬውን ፊት ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«የምርህን ነው?»

«ጠርጌዋለሁ እኮ!»

«ጋሼ! ግራሶ የነካው ፍሬን አይዝም! ሸራው አንዴ ከጠጣው አበቃለት! ወዴት ነው የሄደችው?»

ሁለቱም ወደ መንገዱ ዞሩ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ታች አደባባዩና የአውቶቡስ ማቆሚያው አለ፤ እሑድ ከሰዓት ሰው እንደ ጉንዳን የሚተራመስበት።

ግራሶ እንደሚያንሸራትት ሕፃን ልጅ ያውቃል። እሱም ያውቃል፤ አርባ ዓመት የኖረበት ነው። ፍሬን በመጨበጥ እንደሚያቆምም ያውቃል። ሁለቱ ነገሮች ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጭንቅላቱ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ሲገናኙ ደሙ ቀጥ አለ። መካኒኩ ስልክ ሲደውል፣ ስልኩ ሲጠራ፣ ማንም ሳያነሳው ይሰማዋል። ከዚያ ከታች ረጅም ጥሩምባ ተሰማ። ቀጥሎ እንደ ጆንያ የወደቀ ነገር፣ ዱብ።

ጥሩምባው ቆመ።

ሮጠ እንግዲህ። ጫማው የት እንደቀረ አያውቅም። ጠጠሩ እግሩን ሲበላው አልተሰማውም። «ልጄን! ልጄን ገደልኳት!» እያለ ሲጮኽ የሰሙት ጎረቤቶች ናቸው፤ እሱ እንደጮኸ ዛሬም አያስታውስም።

ከአደባባዩ በፊት በሚሠራው ሕንፃ ደጅ የተከመረ አሸዋ ነበር። ቢጫዋ መኪና አፍንጫዋን እስከ መስታወቷ አሸዋው ውስጥ ቀብራለች። ሰው ከቧታል። ሰውን በክርኑ እየገፋ ገባ። ልጁ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ዓይኗ ግን ያያል። በሕይወት አለች! ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን እየዳሰሰ ቆጠራቸው።

«ደህና ነኝ አባዬ» አለች። «ማርሽ ቀነስኩ፣ አልበቃም። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ እሱም እምቢ አለ። ታች ሰው እየተሻገረ ነበር። አሸዋውን ሳይ ወደሱ ነዳሁት።»

ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ይሄ የመካኒክ ሥራ ነው! እንዲህ ዓይነቱን ማሰር ነበር!» አለ። ሌላውም «ልክ ነህ!» አለ። መካኒኩ በዚያች ቅጽበት እያለከለከ ደረሰ። ሰማ። ጋሽ ሦስት እጅን አየውና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆመ።

ጋሽ ሦስት እጅ ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «መካኒኩ ምንም አላጠፋም። ዲስኩን ግራሶ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሸፍነው ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም።»

አርባ ዓመት ከአፉ ያልወጣ ነገር ነው። እሱ ራሱ የሌላ ሰው ድምፅ የሰማ መሰለው። ወደ ልጁ ዞረ፤ እንድትጮኽበት፣ እንድትሰድበው ጠበቀ።

«አውቄያለሁ» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«ጎማው ጋ ቁጭ ስል ቅባቱን አይቼዋለሁ። በሩ ጋ ፍሬን ስረግጥም በደንብ አልያዘም።»

«ምን?!» አለ። «አውቀሽ ነው ቁልቁለት የወረድሽው? ለምን አልተመለስሽም? ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቷ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

«እየሳቅህ ነበራ! ስንት ጊዜዬ ነው ስትስቅልኝ ካየሁ? ሥራህ ላይ እንከን አወጣች ብለህ እንደገና ታኮርፈኛለህ ብዬ ፈራሁ። ቀስ ብዬ ወርጄ ታች ጋራዥ አስጠርገዋለሁ አልኩ።»

ሰውዬው ባለበት ደርቆ ቀረ። ጥሩምባውም፣ ዱብታውም፣ አሸዋው የዋጣት መኪናም እንዲህ አላስደነገጡትም። ልጁ ፍሬን በሌላት መኪና ቁልቁለት መውረድንና የእሱን ኩርፊያ አመዛዝና፣ ቁልቁለቱ ይሻለኛል ብላለች። እሱን ነው እንዲህ የፈራችው።

ባለቤቱ ያን ጊዜ ደረሰች። ልጇን አቅፋ፣ ከንፈሯን በእጇ ጠርጋላት አጠገቧ ተቀመጠች። ሰዉም አንድ በአንድ መበተን ጀመረ። ጋሽ ሦስት እጅ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አያቸው።

«ሌላም ዝም ያላችሁኝ ነገር አለ?» አለ በደከመ ድምፅ።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናትየው ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

«አለ» አለች። «ከመደርደሪያው እንጀምር፤ ጠማማ ነው።»