ከሊሾው ሥር ያለው ቱቦ

ቤቱን ስንገዛ እናቴ ያልመረመረችው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ካርታውን ለሚያውቅ ሰው አስነብባለች፣ ወሰኑን በእርምጃ ለክታለች፣ ግድግዳውን በዱላ እየቆረቆረች ምስጥ መኖር አለመኖሩን አዳምጣለች። ሽንት ቤቱን ግን በር ላይ ቆማ ነው ያየችው። ነጭ መቀመጫ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ አዲስ የቀለም ሽታ። ዕድሜዋን ሙሉ ጓሮ ስትወጣ ለኖረች ሴት ያ ክፍል እልፍኝ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብጨርስም ውጤት አልመጣልኝም። ባሕር ዳር ያለችው የአክስቴ ልጅ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍታ፣ ነይና አብረን እንሥራ ብላኛለች። ከእናቴ ጋር የተስማማነው ግልጽ ነው፤ እሷ ከኪራይ ወጥታ የራሷ ቤት ስትገባ እኔ እሄዳለሁ። ስለዚህ ቤቱን ከእሷ ይልቅ የቸኮልኩበት እኔ ነኝ።

ሻጯ የእናቴ ማኅበርተኛ ናት። በየወሩ በማርያም ቀን አንድ ላይ ተቀምጠው ጽዋ የሚጠጡ፣ እህቴ የሚባባሉ ሴቶች ናቸው። ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ከውጭ ጠርተን መስመሩን እናሳይ ስላት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሳደብኩ ይመስል አፈጠጠችብኝ።

«አብራኝ ጽዋ የምትጠጣን ሴት ሌባ ነሽ ልበላት?»

ሻጯ ግን ሳንጠይቃት የራሷን ግንበኛ አመጣች። ሽንት ቤቱን የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ የመረመረውም፣ የመሰከረውም እሱ ሆነ። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋበት፣ ውሃው ውልቅ ብሎ ሄደ። «አዩ እማማ፣ እንደ በሬ ነው የሚጠጣ» አለ። እናቴ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ። ጉድጓዱ የት ነው ብዬ ስጠይቀው ግቢውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ እዚህ ሥር ነው፣ ጥልቀቱም ሦስት ሜትር ነው አለ። ግቢው ዳር እስከ ዳር ሊሾ ነው። ጉድጓዱን ለማየት ሊሾውን መስበር ሊኖርብን ነው፤ የማኅበርተኛን ሊሾ ደግሞ ማን ይሰብራል።

መጋቢት ላይ ገባን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ክረምቱን አብሬያት ልቆይና መስከረም ላይ ልሂድ ብዬ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ሽንት ቤቱ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ አልቀበልም አለ፣ ከዚያ የላክንለትን ሁሉ በመታጠቢያው ወለል በኩል መለሰልን። ይህን በሌላ ቃል ማሳመር አልችልም። ጠዋት ስንነሳ ወለሉ ላይ ይጠብቀናል። መጣጭ መኪና ጠራን፤ ሾፌሩ የጉድጓዱ አፍ የት ነው ሲለን ሊሾውን አሳየነው። ሳቀና መኪናውን አዙሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የኖርነው በጎረቤት ሽንት ቤት ነው። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ችግሩም እሱ ነው። ደግ ሰው በቀን አራት ጊዜ ማስቸገር ያሳቅቃል። በራፏን ከማንኳኳቴ በፊት ባሏ ቤት መኖር አለመኖሩን አደምጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ተውኩ። እናቴ በዚያ ጭቃ፣ በአንድ እጇ ዣንጥላ በአንድ እጇ አጥሩን ይዛ ስትንፏቀቅ እያየሁ ባሕር ዳር ልሄድ ነው እንዴት እላለሁ? የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ትደውላለች። ነገ ተነገ ወዲያ እያልኩ እዋሻታለሁ። የራሳችን ቤት ውስጥ፣ የራሳችንን ቁልፍ ይዘን፣ ታስረናል።

እናቴ በስንት ጉትጎታዬ ሻጯን ጠርታ ነገረቻት። ሴትዮዋ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስኖርበት አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እናንተ ምን እየበላችሁ ነው?»

እናቴ አንገቷን ደፋች። በወሩ የማርያም ቀን ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም ማንንም አላማከርኩም። ከፍኖተ ሰላም የቧንቧ ባለሙያ አስመጣሁ፤ ሻጯንም ግንበኛውንም አይቷቸው አያውቅም፣ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ግንበኛው በእግሩ የመታው ቦታ ላይ ሊሾውን ሰብሮ ቆፈረ። ያገኘው ዶማ ነክቶት የማያውቅ ጠጣር አፈር ነው። ከዚያ እናቴን ቀለም ጠየቃት። ለስፌት አክርማ የምትነክርበትን ቀይ ቀለም ሰጠችው፤ በውሃ በጥብጦ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋውና አረፍ ብሎ ጠበቀ። ቀዩ ውሃ የወጣው በማድ ቤታችን ግድግዳ ሥር ነው።

ቱቦውን ተከትሎ ሲቆፍር ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ሻጯ አሥራ አንድ ዓመት የተጠቀመችው በጓሮ የነበረውን የድሮ ሽንት ቤት ነው። ለመሸጥ ስታስብ እሱን በድንጋይና በአፈር ሞልታ ማድ ቤት ሠራችበት፤ አዲሱን ሽንት ቤት ከውስጥ አሠርታ ቱቦውን ወደዚያው ወደተደፈነው ጉድጓድ ሰደደችው። በበጋ አንድ ባልዲ ውሃ ለደረቅ አፈር ምኑ ነው? ይጠጣዋል። ክረምት ሲመጣ ግን አፈሩ ራሱ ጠግቧል። ቱቦውም ውሃ ልክ ሳይጠበቅ ስለተቀበረ ወደ እኛ ያዘነበለ ነው።

ባለሙያው እጁን እየታጠበ፣ «ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ከመግዛታችሁ በፊትም ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጀው» አለኝ። ሊወቅሰኝ ብሎ አይመስለኝም።

አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከዚያች ደግ ጎረቤታችን የውሃ ጉድጓድ አጠገብ። ባሏ እንዴት ተደርጎ አለ። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። እናቴ ያን ጊዜ የተሰበረውን ሊሾ አስደፈነችና ደላላ ጠራች።

ጥር ላይ ደላላው አንድ ወጣት አስተማሪ ይዞ መጣ። እናቴ ጠዋት፣ ዛሬ ከሥራ እንዳትቀሪ ብላኝ ነበር። ቀረሁ። ቤቱ ከተሸጠ እሷ ደረቅ ቤት ትከራያለች፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ክፍሎቹን ዞሮ ሲያበቃ፣ «እናቴ፣ ፍሳሹ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ወደ ጉድጓዱ ነው አለችው፤ ግን እሱን ሳይሆን እኔን እያየች ነበር።

«የትም አይሄድም» አልኩት። «ጉድጓድ የለውም፤ የቧንቧ ባለሙያ አስመጥቼ ቆፍሮ አይቶታል። እሷንም እኔንም አትመን። ከዚህ ቤት ጋር ምንም የማያገናኘው ሰው አምጣና አስቆፍር።»

ደላላው የእናትሽ ጠላት ነሽ ብሎኝ ወጣ። ሰውየውም ተከተለው። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራቷን ለብቻዋ ትበላ ጀመር። በአራተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ደውላ ሌላ ሰው እንደቀጠረች ነገረችኝ፤ ስልኩን ስዘጋ እናቴ ቆማ ትሰማኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አስተማሪው ብቻውን ተመለሰ። የመጣው ለቤቱ አይደለም፤ የዚያን ባለሙያ ስልክ ፈልጎ ነው። አጎቱ ቤት ሊሸጥለት ነው፤ ሰው አምጥቼ ላስቆፍር ብሎ ለመጠየቅ ግን አፍሯል፤ ይቀየመኛል ይላል። ቁጥሩን ልሰጠው ስል እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ራሷ አንድ በአንድ አነበበችለት። ጽፎ ሲጨርስም በሩ ድረስ ሸኘችው።

«ይቀየምህ ልጄ» አለችው። «የእኔዋ አልጠየቅኋትምና አልተቀየመችም፤ ዛሬም እህቴ ነው የምትለኝ።»