ለኤልፒዲዮ የተመረጡ ቀላል ዜማዎች

በማታንሳስ ከተማ ከሶይላ ወንድም ጋር ያልተጫወተ ፒያኖ ተጫዋች ማግኘት ይከብዳል። ኤልፒዲዮ አርባ ዓመት በየዳንስ ቤቱ ፍሉት ሲነፋ ኖሯል። እህቱን ግን አንድም ቀን «ነይ አጅቢኝ» ብሏት አያውቅም። «የሶይላ ጣት ከባድ ነው» ይል ነበር፣ ያውም እሷ እየሰማች። እሷም የሕፃናት ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ በፒያኖ ስታጅብ ኖራ ጡረታ ወጣች። ቅር አላላትም ብል ዋሸሁ፤ አንጀቷን ሲበላት ነው የኖረው።

ባለፈው ዓመት ኤልፒዲዮን ስትሮክ መታው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ እሷ ቤት ገባ። ቀኝ እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ግን አልታዘዝ አሉ። ፍሉቱን አልጋ ሥር ወሽቆ፣ በረንዳው ላይ ተወዛዋዥ ወንበር ውስጥ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። ስምንት ወር ሙሉ! ሰው ሰላም ሲለው እንኳ በአገጩ ነው የሚመልሰው።

«ፍሉቱን ለትምህርት ቤትሽ ስጪልኝ፤ ለአንዱ ልጅ ይሁነው» አላት አንድ ቀን።

«አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ሞክርና ከዚያ ትሰጣለህ።»

«ከአንቺ ጋር? ወይ ጉድ! መጨረሻዬ ይሄ ሆነ?»

«አዎ፣ ይሄው ነው። ምን ታመጣለህ?»

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። «እሺ፣ አንድ ቅዳሜ። ካፈርኩ ግን ሰኞ ትወስጂዋለሽ።»

ሶይላ የኖታ ቁም ሣጥኗን ከፍታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ፈጣኑን ወዲያ፣ ትንፋሽ የሚያስጨርሰውን ወዲያ። ዳንሶን የሚባለውን የዳንስ ቤት ሙዚቃ ጨርሶ አልነካችም፤ ድሮ እንዴት አድርጎ ይነፋው እንደነበር ራሱ ያስታውሰዋላ! በመጨረሻ ሦስት ዜማ ቀረላት። ዝግ ያሉ፣ ማረፊያ ያላቸው፣ የታመሙትን ጣቶች ብዙ የማያስቸግሩ።

አንድ ጣጣ ግን ነበር፤ ፒያኖው። የእናታቸው ነው፣ የባሕር ነፋስ ሲበላው የኖረ። ቃኚው ኡባልዶ ክሮቹን ልክ ድረስ መወጠር ፈርቶ፣ ግማሽ ድምፅ አውርዶ ነው የቃኘው። «ከተበጠሰ ምትኩን ከየት አመጣልሻለሁ?» ብሎ። ብቻዋን ስትጫወት ማንም አያውቅባትም። ከፍሉት ጋር ሲሆን ግን ሁለቱም እንደተጻፈው ከተጫወቱ ድምፃቸው ይጋጫል፤ አንዱ መልቀቅ አለበት። ወይ እሱ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ይነፋል፤ ያ ደግሞ እነዚያን ሁለት ጣቶች ያለ እረፍት ያሠራል። ወይ እሷ ሁሉንም ግማሽ ድምፅ አንስታ፣ ጥቁሮቹን ቁልፎች እየለቀመች ትመታለች። አላመነታችም። ጠዋት ጠዋት እሱ ለእጁ ሕክምና ሲሄድ፣ ስድስት ሳምንት ተለማመደች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የልጆች ዜማ ላብ በላብ አደረጋት።

ቅዳሜ ደረሰ። ኤልፒዲዮ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ቆመ። የመጀመሪያው ድምፅ ባዶ ትንፋሽ ሆነ፤ ሁለተኛው ያዘለት። እስከ መጨረሻው ዘለቀው።

«ይሄማ የሕፃን ጨዋታ ነው!» አለ ፊቱ በርቶ። «ጣቴ እኮ አልረሳም። አንቺ ግን፣ አስተማሪዋ፣ ያው ነሽ፤ ትጎትቻለሽ።»

ሶይላ የሁለተኛውን ዜማ ኖታ ዘረጋች። መሃል ላይ ትንፋሽ ሊስብ ቀና ሲል እጆቿን አየ። ኖታው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ እጇ ያለበት ሌላ። መንፋቱን አቆመ።

«ይሄን ፒያኖ ኡባልዶ አውርዶት አልነበር?»

«ንፋ እንጂ።»

«ሶይላ፣ ሁሉንም አንስተሽው ነው?»

«እንዲቀልህ ነዋ። ምን ችግር አለው?»

ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየችው።

«ለአንቺስ» አላት፣ «የትኛው ይቀልሻል?»

እጆቿ ጭኗ ላይ ወረዱ። ያን ሁሉ ዘመን ስታጅብ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መልሱን ራሷም ፈልጋ ነው ያገኘችው።

«እንደተጻፈው» አለች። «ነጮቹ ላይ።»

«በይ ጀምሪ።»

ግማሽ ድምፅ ወርዶ ነፋ። ሁለቱ ጣቶች እምቢ አሉ። ሳተ፣ ደግሞ ሳተ፣ ፍሉቱ ሲጢጥ ሲል የመንገዱ ሰው ዞሮ አየ። ኤልፒዲዮ አላበው፤ ፍሉቱን ከአፉ አወረደ። አበላሸሁት፣ አለች ሶይላ በልቧ፤ ዝም ብዬ እንዳነሣሁት ብጫወት ምን ነበረበት! ሰኞ ትምህርት ቤት ልወስደው ነው።

ኤልፒዲዮ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«ይሄ በአንድ ቀን አይሆንም» አለ። «ሰኞ ስንት ሰዓት ይመችሻል?»