ከታች የተዘጋው ሐረግ

ወደ እስር ቤቱ ክፍል ገፍትረው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እጅ ነው። ጣሊያን መቀሌን ይዟል። እኔ ከሸዋ የመጣሁ ጸሐፊ ነኝ፤ ዱር ቤቴ ላሉ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈሃል ተብዬ ተያዝኩ። መጻፉንስ ጽፌያለሁ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ መሪጌታ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ዘበኛ ጣታቸውን በቆመጥ ሰብሮት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የብራና መጻሕፍትን ራስ በሐረግ ሲያስጌጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ወደይ፣ ብዕር ይዘህ ታውቃለህ?» አሉኝ፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

«የቢሮ ብዕር።»

«እሱም ብዕር ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በስንጥር አቧራው ላይ እስላለሁ። መስመሩ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እየተጠላለፈ ይሄዳል፤ አንዷን ከሳቱ ሁሉም ይፈርሳል። እኔ የቢሮ ሰው፣ አራቱንም ጎን ዘግቼ ቁጭ! ሳቁብኝ።

«ከታች ክፈተው እንጂ! ቃሉ በየት ሊገባ ነው?»

አንድ ጠዋት የጣሊያኑ ሹም ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ወረቀት፣ ቀለምና የብረት ብዕር ሰጠኝ። ደብዳቤ የጻፍኩላቸውን ሰዎች ስም እስከ ቀትር ከጻፍኩ ነገ ቤቴ ነኝ።

ፈራሁ። ምን እዋሻለሁ፣ የመጀመሪያው ሰው ስም ብዕሬ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣማ የባሰ ነው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስሙን ለማዘግየት ብዬ ከወረቀቱ ራስ ሐረግ ጀመርኩ። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች። በጎኖቹ ወረድኩ፣ መሃሉንም አንድ ስም እስከማያስገባ ድረስ ሞላሁት። ከታችም ዘጋሁት።

መሪጌታ ዞረው አዩት።

«ሕጉን አፈረስከው» አሉ። መስመሩን በዓይናቸው ተከትለው ሲጨርሱ ደግሞ፣ «ጽቡቕ ጌርካ፣ ወደይ፤ ደግ አደረግህ።»

ቀትር ላይ ከሹሙ ጋር የተመለሰው አስተርጓሚ ወረቀቱን ገለባብጦ፣ «ስሞቹስ?» አለ።

«ወረቀቱ ሞላ በለው።»

ሹሙ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየው። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ለእኔ ግን ስድስት ወር ጨመረልኝ።

መሪጌታ ተፈተው፣ በአልጋቸው ላይ አረፉ። ሐረጋቸውን ዛሬ ለዲያቆናት የማስተምረው እኔ ነኝ። ስማቸውን ካልጻፍኳቸው ሰዎች አንዱ የልጄ የክርስትና አባት ሆኗል። እሑድ እሑድ ሊጠይቀን ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳየው ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ስሙን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።