ሚስ ኢቫሊን ጋንጃን ሲቃወሙ

ሚስ ኢቫሊን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእጅ ቦርሳቸውን አጋድመው አስቀምጠው አያውቁም። ሌሎቹ ሴቶች ቦርሳቸውን አግዳሚው ላይ ጣል ሲያደርጉ፣ እርሳቸው በሁለት እግራቸው መካከል ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ለመዝሙር ሲነሱ ቀኝ እጃቸው ወደ ሰማይ ይዘረጋል፣ ግራ ቁርጭምጭሚታቸው ቦርሳውን ደግፎ ይይዛል። ልጅ ሳለሁ ውስጡ እንቁላል ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጠርሙስ ነው።

በባሕር ዳር መንደራችን በኮብል ቤይ ጋንጃን የእርሳቸውን ያህል የሚጠላ ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጭሱ ከሸተታቸው ገበያ መሃልም ቢሆን ቆመው ይዘምራሉ። አንዴ ከዓሣ መሸጫው ጀርባ ተደብቆ የለኮሰ ጎረምሳ አገኙና፣ አንድም ቃል ሳይናገሩት፣ እስኪያጠፋው ድረስ ዘመሩበት። ልጁ በኋላ ሲናገር፣ ፖሊስ ቢይዘኝ ይሻለኝ ነበር አለ።

ጠርሙሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነጭ ሩም፣ ጥቂት ቅመም፣ ከዚያ አንድ ጭብጥ ሙሉ ቅጠል። ይህን በደንብ ከድነው ጓሯቸው ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ይቀብሩታል፤ ጨረቃ ስትወለድ የተቀበረው ጨረቃ ስትሞላ ይወጣል። ደረቱ ለሚያፍነው ሕፃን ጠብታ፣ ላበጠ ጉልበት ማሻሻ፣ ለዓሣ አጥማጅ አንድ ማንኪያ። ባለቤታቸው ማስ ኦስበርት ዓይናቸው ከደከመ ሰነባብቷል፤ ያቺን ማንኪያ ካልቀመሱ ሌሊት ጀልባቸውን ከአሸዋው አይገፉም። ጨለማው ይከፈትልኛል ይላሉ። ይከፈትላቸው አይከፈትላቸው ባሕሩ ያውቃል፤ እስካሁን ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፣ ጠርሙሱ ያለቀ ሳምንት ደግሞ ከደጃፍ አይወጡም።

ቅጠሉ ጋንጃ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ሁለቱን ቃላት፣ ጠርሙሱንና ጋንጃን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያስገባ አይገኝም። እንደ ሚስ ኢቫሊን ትምህርት የሚጨሰው የሰይጣን ነው፤ ሩም ውስጥ የተኛው የእግዜር ነው። ሩሙስ ቢሏቸው አይሳቀቁም፤ እርሱ አይጠጣም፣ ይወሰዳል።

ቅጠሉን የሚያመጣላቸው ዛዶክ ነው። ዛዶክ ራስታ ነው፤ ሽበት የገባበት ሹሩባው ወገቡ ላይ ይደርሳል፤ ከኮረብታው ላይ ከፍየሎቹና ከተክሉ ጋር ይኖራል። ቅዱሱ ተክል ይፈቀድ እያለ መንገድ ዳር ሲሰብክ ነው ያረጀው። ሚስ ኢቫሊን በአደባባይ ሲያገኙት የጠፋ በግ ይሉታል። ቅዳሜ ግን በጓሮው አጥር በኩል እርሱ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ያቀብላል፣ እርሳቸው ትኩስ የካሳቫ ቂጣ ያቀብሉታል፤ ከዚያ አጥሩን ተደግፈው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ። አንድ አጥር ሁለት ሃይማኖት ተደግፎበት አለመውደቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ባለፈው ዓመት መንግሥት፣ ጋንጃ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለውን ከሕዝብ አፍ የሚሰማ ኮሚቴ ከኪንግስተን ላከ። ፓስተር ዴከር የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ አስጠረጉ፤ በተቃዋሚነት ሚስ ኢቫሊን እንዲናገሩ፣ በደጋፊነት ዛዶክ እንዲናገር ተወሰነ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ስለነበር መስኮቱ ሥር ቦታ አገኘሁ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ፌንተን የሚባሉ፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው ናቸው። የመንገዳችን አቧራ ጉሮሯቸውን ይዞት በየሁለት ቃሉ ይስላሉ። አጠገባቸው የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ተወካይ ተቀምጧል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። ከተፈቀደ በኋላ ነገሩ ምን እንደሚመስል እንዲያስረዳን ዕድል ተሰጠው፤ እርሱም በሥዕል አስረዳን። እርሻው ሁሉ ይታጠራል፣ ጠባቂ ይቆምለታል፣ ካሜራ ይተከልበታል። መድኃኒቱ ፈቃድ ባለው ፋብሪካ ተቀምሞ፣ ታሽጎ፣ በፋርማሲ ይሸጣል። ቤት ውስጥ መቀመም ግን ያበቃል፤ የሚቀምም ሰው ሕገ ወጥ ይሆናል።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ዓይን ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ቦርሳ ዞረ።

ሚስ ኢቫሊን ተራቸው ሳይደርስ እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ አሁንስ ሕገ ወጥ አይደለም እንዴ?"

"ነው፣ እናቴ። አሁን ግን ማንም አይቆጣጠርም። ሲፈቀድ እንቆጣጠራለን።"

ሚስ ኢቫሊን ተቀመጡ። የጻፉትን ንግግር አጣጥፈው መዝሙር መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት። ንግግሩ ስለ ጭስ ነበር፤ ጭሱን ለጊዜው የረሱት መሰለኝ።

ዛዶክ ተጠራ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው፤ ነጭ ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ አዳራሹ መሐል ቆመ። በመዝሙረ ዳዊት ጀመረ፣ ድምፁም ያምር ነበር። እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ቡቃያ የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ቆመና ወደ ኩባንያው ሰው ዞረ።

"ካሜራ ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"በእኔ ኮረብታ ላይ?"

"የትኛውም እርሻ ላይ።"

"ፍየሎቼንም ያያል ማለት ነው። እኔንም፣ ስታጠብ።"

ሰውየው ሁሉም ነገር መታየት እንዳለበት፣ ይህም ለደንበኛው ሲባል መሆኑን በትሕትና ገለጸለት። ዛዶክ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲያው ይቅር" አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ፓስተር ዴከር ከመቀመጫቸው ተነስተው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ለዚህ ሰው መዳን ስንት ዘመን እንደጸለዩ፣ ጌታም በኮሚቴ በኩል እንኳ እንደሚሠራ ተናገሩ። ሴቶቹ አሜን አሉ። ዛዶክ ማንም ሳይነካው ስለዳነ ግራ ገብቶት ጣሪያውን ያያል።

ሚስ ኢቫሊን ያለ ወረቀት ቆሙ።

"ክቡራን፣ እኛ ይህን ነገር ተከልክሎ አገኘነው። ተከልክሎ አደግንበት፣ ልጆችም አሳደግንበት፣ ባሎቻችንም በሰላም ከባሕር ተመለሱልን። ከተማ ያላችሁ ሰዎች የምትሰጡን ነገር ሁልጊዜ አጥር አለው። እባካችሁ ክልከላችንን አትውሰዱብን።"

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ዶክተር ፌንተንን ሳሉ ያዛቸው። የዚህኛው መልክ ሌላ ነበር፤ ፊታቸው ቀላ፣ ጠረጴዛውን ጨበጡ፣ ውሃ ቢያቀርቡላቸው አልወርድ አለ። ሚስ ኢቫሊን የሰው ደረት ሲያፍን ማየት አይችሉም። የት እንዳሉ ረሱት መሰለኝ፤ ቦርሳውን ከፈቱ፣ ጠርሙሱን አወጡ፣ ማንኪያውን ሞሉ፣ የኮሚቴውን ሰብሳቢ አገጭ እንደ ሕፃን ይዘው አጠጧቸው።

ሳሉ ቆመ። ቅጠሉ ይሁን ያቆመው፣ ወይስ ጉሮሮን እንደ ፍም የሚልጠው ሩም፣ ማንም መማል አይችልም። ዶክተሩ እንባቸውን ጠረጉ፣ ከንፈራቸውን ላሱ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ የፈራውን ጥያቄ ጠየቁ።

"ይህ ምንድን ነው?"

ሚስ ኢቫሊን ዋሽተው አያውቁም፤ ጠርሙሱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

"ዝንጅብል ነው" አሉ ፓስተር ዴከር።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ኮፍያውን አስተካከለ። "የአገሩ ዝንጅብል ነው፣ ጌታዬ።"

"ከኮረብታ የሚመጣ" አለ ዛዶክ።

ዶክተር ፌንተን እንዲህ ያለ ዝንጅብል ቀምሰው እንደማያውቁ ተናግረው፣ ፊታቸው በዝግታ እየፈካ፣ አንድ ማንኪያ እንዲደገምላቸው ለመኑ። የኩባንያው ሰው ግን የጠርሙሱን ክዳን አንስቶ አሸተተ፤ ደጋግሞ አሸተተ። ይህ ዝንጅብል የት እንደሚበቅል ሚስ ኢቫሊንን ጠየቃቸው፤ ስማቸውንና ፎቶአቸውን ከለጠፈበት ብዙ እንደሚሸጥ ነገራቸው። ሚስ ኢቫሊን ክዳኑን ከጣቱ ላይ ወስደው ጠርሙሱን ገጠሙት።

"አንተ የተፈቀደልህን ሽጥ፣ ልጄ" አሉት።

ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ዶክተሩ ከመኪናው መስኮት ለማያውቋቸው ሕፃናት ሳይቀር እጃቸውን እያወዛወዙ ሄዱ። በጎደለው ማንኪያ ምክንያት ማስ ኦስበርት የጠርሙሱን አንገት በጥርጣሬ ሲያዩት ውለው፣ ማታ ግን ባሕር ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ጋንጃን የሚፈቅደው ሕግ መውጣቱ እንደማይቀር ከኪንግስተን ተሰማ። ፓስተሩ በዋናው ከተማ ሰልፍ ጠሩ። ሴቶቹ ከአልጋ ልብስ ጨርቅ አዘጋጁና በቀይ ቀለም ጋንጃ አይፈቀድ ብለው ጻፉበት፤ ከጽሑፉ ሥር የአልጋ ልብሱ አበቦች ይታያሉ።

በጠዋት ወደ አውቶብስ ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የጨርቁን አንድ ዘንግ ሚስ ኢቫሊን ይዘዋል፤ ሌላውን ዛዶክ ይዟል። ሹሩባውን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ኮፍያ ውስጥ ከቶታል፤ ከኋላቸው የሴቶች ማኅበር እየዘመረ ይከተላል። ሰላም ካልኳቸው በኋላ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅኋቸው። ቢፈቀድ እርስዎስ አይጠቀሙም ወይ፣ ጠርሙሱንስ ያለ ስጋት አይዙም ወይ አልኳቸው።

ሚስ ኢቫሊን ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳስተማረኝ የሚፈልጉ ይመስል ዓይኔን አዩኝ።

"እርሱ ከተፈቀደማ" አሉ፣ "ለኔ ማን ይፈቅድልኛል?"

ከዚያ ወደ ዛዶክ ዞረው፣ "አንተ ጨብራራ፣ በአንተ በኩል ረገበ፣ ከፍ አድርገው" አሉት። እርሱም "ጉልበቴ ነው ሚስ ኢቪ፣ ቀስ በይ" አላቸው። እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉለት። ነፋሱ ጨርቁን በመካከላቸው ነፋው፤ እየተነታረኩ ቁልቁል ወደ አውቶብሱ ወረዱ።