«ልዩ ናችሁ» ብለው ሊለያዩን ነበር

ከሶዶ የወጣነው ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በደራ የገበያ ቀን ነው። ወደ ገበያ የሚወርደውን ሰው ማንም «ወዴት?» አይለውማ! እኔ ቆጮ በጀርባዬ አዝያለሁ፤ ባሌ ታደሰ ፊቱን በጋቢ ሸፍኗል፤ እናቱ እሜቴ ይመኙሻል በቅሎ ላይ ናቸው። ጣልያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ከሰሜን የመጡት ሹማምንት ልጆች እየተለቀሙ ነበርና፣ ታደሰ ቢገኝ አለቀለት። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ብቀር የሚፈልገኝ አልነበረም። እናቴም «ቦጋለች፣ አንቺን ማን ነካሽ?» ብላ አልቅሳለች። ባሌ እየሄደ ግን እንዴት ልቅር?

የቦረናን በረሃ እንዴት እንዳለፍነው አልነግራችሁም፤ በቅሎዋ እዚያው ቀረች። ኬንያ ገብተን ስደተኛ ከሚሰበሰብበት ሰፈር ስንደርስ፣ አንድ የእንግሊዝ ሹም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ሰውን በየነገዱ ወደ ድንኳን ይመድባል። አስተርጓሚው አማርኛን ከነጋዴ የለቀመ የሞያሌ ሰው ነው።

ሹሙ እኔንና እሜቴን አየት አየት አድርጎ «ዲፈረንት?» አለ።

«ልዩ ናችሁ ወይ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

እሜቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንዴታ! እኛማ ልዩ ነን። ምን ብንመስለው ነው?»

ሹሙ ራሱን ነቀነቀና እሜቴንና ታደሰን ወደ ላይኛው ድንኳን፣ እኔን ብቻዬን ወደ ታችኛው ላከ። ለካ ክብር መስሎን የተቀበልነው መለያየት ኖሯል!

እዚያ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ይታደላል። ወገኖቼ፣ ቅቤ የለው፣ ዳጣ የለው፤ አፍ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። እኔ ሕክምናው ድንኳን ፋሻ ማጠብ ያዝኩና ጆሮዬን ነርሷ አፍ ላይ ተከልኩ። ሌላ መቀስ ስትፈልግ ዲፈረንት ትላለች። ትኩሳት የለቀቀውን በሽተኛ አይታ ዲፈረንት ትለዋለች። መድኃኒቱ ብዙ ዓይነት ሲሆንም ዲፈረንት ነው። ሌላም፣ የተለወጠም፣ ልዩ ልዩም በአንድ ቃል!

አንድ ጠዋት ካሚዮን መጣ። የታችኛው ድንኳን ሰው ሩቅ ወዳለ ሰፈር ይጫናል ተባለ። ሮጬ ሹሙ ፊት ቆምኩ፤ ታደሰና እሜቴም ሰምተው ደረሱ።

«ዩ፣ ዲፈረንት» አለኝ፣ ወደ ካሚዮኑ እየጠቆመ።

«የስ፣ ጌታዬ። ላንጉጅ ዲፈረንት። ፋዘር ዲፈረንት» አልኩና የባሌን ክንድ ያዝኩ። «ሃውስ ኖት ዲፈረንት!»

እሜቴ ወደ አስተርጓሚው ዞሩ። «ንገረው አንተ! ይህቺ ልጄ ናት። እሷን ከጫነ እኔንም ይጫነኝ፤ አለዚያ በላዬ ላይ ይሂድ!» ብለው ካሚዮኑ ጎማ ሥር ቁጭ አሉ።

ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀ። «ኦልራይት። ሴም ሃውስ!»

የሰፈሩ ሴት ሁሉ እልል አለች። ውሎ ሳያድር ሹሙ አስተርጓሚ አደረገኝ፤ በእኔ አፍ ስንቱ ባልና ሚስት ወደ አንድ ድንኳን ገባ መሰላችሁ!

ትናንት ከአገሬ ከወላይታ፣ ከሁምቦ በኩል የመጣ ሰው አገኘን። እሜቴ ቀድመውኝ «ሳሮ?» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉት። ስለ እናቴ ጠየቅሁት፤ ደጃችንን አያውቀውም። ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት፤ ሳይጥል ነው የወጣው።

«አሁንስ ዳሞታ ተራራችን ላይ ዘንቦ ይሆን?» አሉኝ እሜቴ።

በስተሰሜን፣ በአገራችን በኩል ደመና ይታያል። በጣቴ አሳየኋቸው።