ሦስቱም ላይ አለ

በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ያጋጠመኝ ነው። በአንዲት አጭር መልስ ሰው በድያለሁና እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አርባ ምንጭ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። የመምህራኑ ፋይል በየፍላሹ ተበታትኖ በቫይረስ ስለሚጠፋ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና ጫንኩና ሦስት ዲስኮችን እንደ አንድ ማከማቻ አገናኘኋቸው። አንዱ ትንሽ ግን ፈጣን ነው፤ ሁለቱ ትልልቅ ግን ዘገምተኛ ናቸው። ፋይል መጀመሪያ ፈጣኑ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ እየተቆራረጠ ቀስ በቀስ ወደ ትልልቆቹ ይዛወራል። ስንት ቅጂ ይቀመጥ ለሚለው ምርጫ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ «አንድ» የሚለውን መረጥኩ።

የጋሞኛ መምህሩ ጋሽ አበራ አሠራሩን ሳስረዳቸው ሳቁ።

«ፈጣኑ አንተ ነህ፤ ዘገምተኞቹ እኔና ርዕሰ መምህሩ ነን በለኛ።»

ጋሽ አበራ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦቾሎ መንደር የሚኖሩትን እናታቸውን በስልክ ቀድተዋቸው ነበር። እናትየው ጥጥ እየፈተሉ ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩበት ረጅም የድምፅ ቀረጻ ነው። ከስልካቸው ካርድ ወደ ማከማቻው ገለበጥኩላቸው።

«የቱ ላይ ነው ያለው?» አሉኝ።

«ሦስቱም ላይ አለ» አልኩ።

አልዋሸሁም፤ በዚያች ሰዓት ተቆራርጦ ሦስቱም ላይ ተበትኖ ነበር። እሳቸው ግን ሙሉው ድምፅ ሦስት ቦታ ተቀምጧል ብለው ተረዱ። ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚረዳው።

ከወራት በኋላ እናታቸው አረፉ። በዚያው ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመጣ አንደኛው ትልቅ ዲስክ ተበላሸ። አንድ ክፍሉ ስለጠፋ ቀረጻው አልከፈት አለ። ካርዱ እሳቸው ጋ ስላለ ብዙም አልደነገጥኩም።

ለተዝካሩ ከእህታቸው ጋር ሊሰሙት ፈልገው መጡ።

«ጋሽ፣ ካርዱን ያምጡልኝ፤ እንደገና እገለብጠዋለሁ።»

«የቱን ካርድ? ሦስቱም ላይ አለ ስትለኝ አጥፍቼ ሰርግ ቀዳሁበት እኮ።»

ዲስኩን ይዘን ወደ ታችኛው የከተማው ክፍል፣ ወደ ሲቀላ ወረድንና ጥገና ቤቶቹን አዳረስን። ሊከፍተው የቻለ አልተገኘም። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጋሽ አበራ፣ «ለእህቴ አንተ ንገርልኝ። እኔ አልችልም» አሉኝ።

በተዝካሩ ቀን ኦቾሎ ወጣሁ። ስለ ዲስኮቹም፣ አንድ ቅጂ ብቻ ስለመምረጤም፣ ስለ መብራቱም ለእህታቸው በዝርዝር አስረዳሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አንተስ ሰምተኸዋል?» አሉኝ። «እናቴ ምን ትላለች?»

አልሰማሁትም ነበር። የማውቀው የፋይሉን መጠን ብቻ ነው።

ዛሬ ማንም ፋይል ሲያመጣልኝ ዋናውን እንዳያጠፋ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ጋሽ አበራም ነገሩን በክፉ አንስተውብኝ አያውቁም። እኔ ግን ያን ቀን ፋይሉ ተገልብጦ እስኪያልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ከፍቼ አዳምጬ ቢሆን ኖሮ፣ ለእኚያ ሴት የምመልሰው አንድ ነገር ይኖረኝ ነበር።